የፍራሽ ቤቱ ትምህርት

ይህ ታሪክ አንዲት ቃል ሳትጨመርበት፣ አንዲትም ሳትጎድልበት እውነት ነው። ክርስቲያኑ እንዳይጠራጠር በእንጦጦ ማርያም፣ ሙስሊሙ እንዳይጠራጠር ወላሂ ተብሎ ተምሎበታል፤ ከዚህ ወዲያ ማመን ያቃተው ሰው የገዛ ስሙንም መጠራጠር ይጀምር። ውሸት ከተገኘበት የጻፈውን እጅ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ቆልምሞ ያስቀረው። ደግሞም ምስክር አለ። በጉለሌ ምስክር ጠፍቶ አያውቅም።

«ጳውሎስ፣ ጳውሎስ» እያሉ የሚጮኹት ታክሲዎች ሰው አራግፈው ከሚዞሩበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ መድኃኒት ቤት ከመድኃኒት ቤት ተደግፎ በቆመበት መንገድ ላይ ፈድሉ ፍራሽ ይሸጣል። ፍራሽ ሲባል እንዲህ ቀለል ተደርጎ መታየት የለበትም። ግማሹ የጉለሌ ሕዝብ የሚተኛው በእሱ ፈቃድ ነው። ሱቁን ከፊት ለፊት ያየው እንደማንም ሱቅ ይመስለዋል፤ ወደ ውስጥ የገባ ግን መውጫው ጠፍቶት ሌላ ሰፈር ብቅ ያለ አለ ይባላል። ስፖንጁ ተደራርቦ ጣሪያ ነክቷል፤ ጣሪያው ባይይዘው ኖሮ ይሄኔ ከተራራው ባሕር ዛፍ ጋር ቁመት ይለካካ ነበር።

እሑድ እሑድ ግን ይህ ሱቅ አይሸጥም። እሑድ እሑድ ያስተምራል።

የሚማሩት ነርሶች፣ አዋላጆች፣ የጤና መኮንኖች ናቸው። ትምህርቱ አንድ ሰው ቀዶ ሕክምና ሳይደረግለት በፊት፣ ሲደረግለትና ከተደረገለት በኋላ እንዴት እንደሚጠበቅ ነው። ፈድሉ «ፔሪኦፕሬቲቭ» ይለዋል፣ ቃሉን ራሱ አምጦ የወለደው ይመስል ከንፈሩን አሹሎ። ሁሉም በነጻ ነው፤ መታወቂያ የሚጠይቅ የለም፣ ሻይ ደግሞ አለ። ከሱሉልታ ተራራውን አቋርጠው የሚመጡ አሉ። ከፍቼ የሚመጡ አሉ። ከዚያም ወዲያ፣ የአገር ስማቸው ለአፍ ከሚያስቸግር ቦታ የመጡ አሉ። ቦታ ጠፍቶ ትላልቅ ሐኪሞች በትራስ ላይ ቆመው የተማሩበት እሑድ ነበር። ተማሪው ጫማውን አውልቆ ፍራሽ ላይ ይቀመጣል፤ ፈድሉም በር ላይ ቆሞ፣ «በዓለም ላይ ተማሪ ቢወድቅ የማይጎዳበት ትምህርት ቤት ይሄ ብቻ ነው» ይላል። ሁልጊዜ ይሄንኑ ነው የሚለው፤ ሁልጊዜም ይሳቅለታል።

ሳቁ ሲያልቅ ታሪኩን ይናገራል። ከትምህርቱ በፊት ታሪኩ ይቀድማል፤ ደንቡ ነው።

ኡመይማ የፈድሉ ሚስት ነበረች። ያን ጊዜ ሱቁ ፍራሽ ቤት አልነበረም፤ ሻሽና ሂጃብ፣ ነጠላና የአንገት ልብስ የሚሸጥበት ቤት ነበር። ከኢስታንቡል እስከ ዱባይ የተሸመነ ጨርቅ ሁሉ መጀመሪያ ጉለሌ መጥቶ የኡመይማን ፈቃድ ሳያገኝ ለዓለም ገበያ አይወጣም ነበር። ገዢዋን ዝም ብላ ታያለች፤ ምንም ሳትጠይቅ ከመደርደሪያው አንዱን ስባ «ያንቺ ይሄ ነው» ትላለች፤ ተሳስታ አታውቅም። የራሷን ሻሽ ግን ሁልጊዜ ሰፋ ያለውን መርጣ ከአገጯ በታች ሁለት ዙር ታዞረዋለች። እንቅርት ነበረባት። ከልጅነቷ ጀምሮ አብሯት ያደገ ነው፤ ከእናቷና ከባሏ በቀር አንገቷን ያየ ሰው አልነበረም። በኋላ ስትተኛ ማፈን ሲጀምራት፣ ይውጣ ተባለ።

ስሙን መጥራት የማያስፈልግ አንድ ትንሽ የሕክምና ቤት ገባች። ጠዋት ቀዶ ሕክምናው ተሠራ፤ ሐኪሙም ተሳክቷል ብሎ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ጠያቂ መጣ። ጠያቂ ስንል ሁለት ሦስት ዘመድ እንዳይመስል፤ ከመርካቶ እስከ ሽሮ ሜዳ ያለ ጨርቅ ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ነው የመጣው። ክፍሉ ሞልቶ ኮሪደሩ፣ ኮሪደሩ ሞልቶ ደረጃው ሰው በሰው ሆነ። ኡመይማ ትራስ ደገፍ ብላ ተኝታለች። አንገቷ እንደ ጨረቃ ግልጥ ነው። እናቷ እማማ ዓሊማ በእግሯ በኩል ተቀምጠዋል። አንዲት ነርስ አለች፤ ጀርባዋን ሰጥታ ስልኳን ትነካካለች።

ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያየው ፈድሉ ብቻ ነው። የሚስቱ አንገት ከስፌቱ በላይ ማበጥ ሲጀምር ያየው እሱ ነው። ነርሷን ጠራት፤ አልዞረችም። ጮኸ። ጩኸቱ እንጦጦ ደርሶ ተመልሶ መጣ፤ ሽሮ ሜዳ የነበሩ ሰዎች «ምን ተፈጠረ?» ተባባሉ። ነርሷ አሁንም አልዞረችም። ደረጃውን እየዘለለ ወረደ፣ ያገኘውን ነጭ ጋዋን ሁሉ አንገቱን ይዞ ጎተተ። ሁሉም መጡ፤ ሁሉም ቆመው አዩ፤ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ግን አንድም አልነበረም። ተመልሶ ሲገባ ኡመይማ ዓይኗን ከፈተች። እጁን ያዘች። በጠራ ድምፅ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ የነበረው ሁሉ እየሰማ፣ «ፈድሉ፣ አስተምራቸው» አለችው። ሌላ አልተናገረችም።

ታሪኩ ይሄ ነው። እዚህ ጋ ሲደርስ ፍራሽ ላይ ከተቀመጡት መካከል አፍንጫውን የማይጠርግ የለም። ነርሷንም የማይረግም የለም።

ከቀብሩ በኋላ ሻሹን በሙሉ በጅምላ ለሌላ ነጋዴ አስረከበና ስፖንጅ አስገባ። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ፣ ትርፉ ያለው ስፖንጅ ላይ ነው ይላል።

አስተማሪዋ ሰምሀል መጀመሪያ የመጣችው ፍራሽ ልትገዛ ነበር። ፈድሉ ስፖንጁን በክርኑ እየደቆሰ ጥንካሬውን ሲያሳያት ምን እንደምትሠራ ጠየቃት፤ ማደንዘዣ እንደምትሰጥ ነገረችው። «ታዲያ አንድ ሥራ ላይ ነና» አላት። «እኔም ሰው ነው የማስተኛው። የእኔዎቹ ግን ጠዋት ይነሳሉ።» ብሎ ሊስቅ ነበር፤ ሳቁ መንገድ ላይ ቀረበት።

እሷ አልተቀየመችም። የእሷም እንደሚነሱ፣ ብዙውን ጊዜ ሰው የሚያልቀው ከተነሳ በኋላ፣ ሁሉም ተሳካ ብሎ ከሄደ በኋላ እንደሆነ በቀስታ ነገረችው። ያኔ ነው ፈድሉ ስለ ኡመይማ ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረው። ሰምሀልም እዚያው፣ ያልተከፈለበት ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ የሆነውን አስረዳችው። በስፌቱ ውስጥ ደም ጠብ ጠብ ይላል፤ መውጫ ሲያጣ የአየር ቧንቧውን ያንቃል። ድምፅ ይጎረንናል፣ ቀጥሎ ይጠፋል፤ ሰውየው ይቁነጠነጣል፣ ከዚያ የተኛ ይመስላል። በጊዜ ያየ ሰው ስፌቱን እዚያው አልጋው ላይ ከፍቶ ደሙን ያወጣና ሐኪም ይጠራል። ለዚህ ትልቅ ማሽን አይፈለግም፣ የሚያይ ዓይንና የሠለጠነ እጅ ነው የሚፈለገው።

ፈድሉ ይሄን ሲሰማ የሱቁ ስፖንጅ ሁሉ ደረቱ ላይ የተደረመሰበት መሰለው። ሊታወቅ የሚችል ነገር ነበር ማለት ነው። ለነርሶች ይሄን የሚያስተምራቸው እንዳለ ጠየቃት። በየጤና ጣቢያውና በየትንሹ ክሊኒኩ ያሉት ሥልጠና እንደማይደርሳቸው፣ ሲደርስም በክፍያ፣ በሆቴል አዳራሽ፣ በእንግሊዝኛ እንደሆነ ነገረችው። ፍራሹን በነጻ አሸክሞ ላካት። በቀጣዩ እሑድ ሱቁን ለትምህርት ከፈተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ፕሮፌሰር» ይላታል፤ አይደለሁም ስትለው፣ «ትሆኛለሽ፤ ቀድሜ ልጥራሽ ብዬ ነው» ይላታል።

ሰምሀል ስታስተምር ወንበር አታውቅም። አንዱን ተማሪ ታስተኛለች፣ ሌላውን አጠገቡ ታንበረክካለች። «ደህና ነሽ ወይ ብላችሁ አትጠይቁ» ትላቸዋለች። «የእኛ ሰው ቤቱ እየነደደ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ነው የሚለው። እናንተ እዩ። የእኛ ሰው ቁስል ይሸፍናል። ብርድ እንዳይመታት፣ ምች እንዳይነካት፣ ሰው እንዳያይባት ብሎ በጋቢ፣ በነጠላ፣ በሻሽ ይጠቀልላል። ለክፋት አይደለም፣ ከፍቅር ነው። ገልጣችሁ እዩ። ቤተሰቡ እምቢ ካላችሁ ምክንያቱን ንገሩትና እንደገና ጠይቁ።»

እዚህ ትምህርት ላይ ሲደረስ ፈድሉ ሁልጊዜ ሻይ ሊያይ ይወጣል። የእሑድ ሻይ ትልቅ ሰው ካልቆመበት አይፈላም።

እማማ ዓሊማ ግን አይወጡም። ልጃቸው ከሞተች በኋላም በአማቻቸው ቤት ነው የሚኖሩት፤ ፈድሉም አስቀይሟቸው አያውቅም። እሑድ እሑድ በሩ አጠገብ፣ ለልጅ አልጋ በተሠራች ስስ ፍራሽ ላይ መስበሃቸውን እየቆጠሩ ይቀመጣሉ። አይጠይቁም፣ አይመልሱም። ታሪኩ ሲነገር ዓይናቸውን መሬት ላይ ይተክላሉ፤ ሰው ሁሉ ሐዘኑ ነው ይላል። የእናት ሐዘን ነውና ማን ምን ሊል?

ከጥቂት ወራት በፊት ኪያ የምትባል ነርስ መምጣት ጀመረች። ወላጆቿ ከዚያው ከእንጦጦ ሥር የኖሩ ናቸው፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ትናገራለች፤ በአንድ ጤና ጣቢያ ክትባት ክፍል ትሠራለች። ጥፋቷ አንድ ነበር፤ ሁልጊዜ ትዘገያለች። ታሪኩ አልቆ አፍንጫ ተጠርጎ፣ ሰምሀል ማስተማር ስትጀምር ነው ቀስ ብላ የምትገባው። ፈድሉ ይቀልድባታል፤ መንገዱ ከእንጦጦ ቁልቁል ሆኖ እንዴት እንደምትዘገይ ይጠይቃታል፤ እሷ ይቅርታ ጋሼ ብላ ትቀመጣለች። ቦታ የምታገኘው ሁልጊዜ በእማማ ዓሊማ ስስ ፍራሽ ጫፍ ላይ ነው። እሳቸው ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ያስጠጓታል። ከሌላ ሰው ጋር ይቺን ፍራሽ ተካፍለው አያውቁም።

አንድ ቀን ሰምሀል አዲስ ሐሳብ አመጣች። ትምህርቱ በስልክ እየተቀረጸ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ፣ እዚህ መምጣት ለማይችሉ ሁሉ በነጻ እንዲላክ ነው። የመጀመሪያው የኡመይማ ታሪክ እንዲሆንም ፈለገች። ፈድሉ ይሄን ሲሰማ ያደረበት ደስታ በአማርኛ ቃል የለውም። የሚስቱ ስም ሞያሌ ሊሰማ ነው፣ መተማ ሊሰማ ነው። ለሰፈሩ ሁሉ አወራ፤ መንግሥት ሳይቀር እየጠበቀው እንደሆነ ለመድኃኒት ቤቶቹ ነገረ።

ሰምሀል ግን ከሱቁ ጥግ ወስዳ ብቻውን አስቀመጠችው። «ጋሽ ፈድሉ» አለችው፣ «ይሄን የሚያዩት መምህር የሌላቸው ናቸው። ከሱሉልታ ወዲያ አንዲት ነርስ ብቻዋን ሆና ስልኳን ትከፍታለች። ያየችውን ነው የምታደርገው። ስለዚህ የሆነውን ብቻ ይንገሩኝ። ያልሆነውን ካስተማርኳት ሌላ ሰው ይሞታል።»

የሆነውን ነው የምናገረው አላት። አንገቷ ላይ ምንም ነገር አልነበረም ወይ ብላ ጠየቀችው። እንደ ጨረቃ ግልጥ ነበር አለ። በመጨረሻ ተናገረች ያሉት፣ በጠራ ድምፅ ነው ወይ አለችው። በጠራ ድምፅ አለ። ሰምሀል ትንሽ አየችውና እሺ ብላ ተነሳች።

ያን ሰሞን ፈድሉ ታሪኩን ለራሱ ሲናገር ሰነበተ። ፍራሽ ሲሸጥ ይናገራል፣ ሲሰግድ ቆይቶ ምንጣፉን ሲያጥፍ ይናገራል። ስንት ጊዜ እንደተናገረው አያውቅም። በተነገረ ቁጥር ደረጃው ይረዝማል፣ ጩኸቱ ይሰፋል። በመጀመሪያዎቹ እሑዶች ኡመይማ እጁን ብቻ ነበር የምትይዘው። መናገር የጀመረችው በኋላ ነው። አሁን ቤቱ ውስጥ ድምፅዋ የሚሰማው ታሪኩ እዚያች ቦታ ሲደርስ ብቻ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ዝም ብላ ከርማ እሑድ ጠዋት፣ ፍራሽ ላይ በተቀመጠ ሰው ሁሉ ፊት፣ ፈድሉ ብላ ትጠራዋለች። ይሄ ተቀርጾ ከተቀመጠ ማንም አይወስድበትም። መስማት ሲያሰኘው ስልኩን መክፈት ብቻ ነው።

የቀረጻው እሑድ ደረሰ። ሱቁ እንዲያ ሞልቶ አያውቅም፤ ጉለሌ በሙሉ ታመመ ቢባል የሚያክመው አይገኝም ነበር፣ ሁሉም እዚያ ነበሩና። ሰምሀል ማንም እንዳይዘገይ አስጠንቅቃ ስለነበር ኪያም በሰዓቱ መጥታ ስሷ ፍራሽ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጌቱ የሚባል የጤና መኮንን ስልኩን ትራስ ላይ አደላድሎ ይዟል። ሕመምተኛዋን የምትሆነው ደሳለች ናት፤ አዋላጅ ናት፣ ሐዘን ቤትም ገብታ ሰው የምታስቅ። ወፍራሙ ፍራሽ ላይ ተዘረጋችና፣ «ጋሽ ፈድሉ፣ እንቅልፍ ከወሰደኝ እስከ ማክሰኞ አይቀስቅሱኝ» አለች።

«ሕመምተኛ አያወራም» አላት።

«የእርስዎዋ እያወራች አይደል እንዴ የሞተችው?»

የሳቀ የለም። ደሳለችም ከአፏ ካመለጣት በኋላ ነው የሰማችው፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች። ፈድሉ እንዳልሰማ ሆኖ ነጠላውን ከአንገቷ እንድታወርድ አዘዛት። ብርድ ነው እኮ አለች፤ ግን አወረደች።

ነርሷን የሚሆን ሰው ቀረ። ፈድሉ ዓይኑን በክፍሉ አዟዟረና ሁለቱንም ቋንቋ ስለምትችል ኪያን መረጠ። «አንቺ፣ እንቅልፋሟ፣ ነይ ተነሽ» አላት። ኪያ አልተነሳችም። ሌላ ሰው ይሁን አለች። እሱም ቀላል እንደሆነ፣ ምንም የሚሠራ ነገር እንደሌለው ነገራት። «ጀርባሽን ትሰጪናለሽ፣ ስልክ ትይዣለሽ፣ በቃ። እኔ ስጮህ እንኳ አትዞሪም። ያቺ እንዲያ ነው ያደረገችው።»

ኪያ እማማ ዓሊማን አየቻቸው። እሳቸውም እጃቸውን ጉልበቷ ላይ አሳርፈው ነበር፤ አነሱላት። ተነሳች።

ጌቱ ጀመርኩ አለ። ፈድሉ በደሳለች ራስጌ ተንበረከከ፣ እጇን ያዘ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ጩኸቱ ከሆዱ ተነስቶ ደረቱ ላይ ደርሷል። ኪያ እንድትይዘው የተሰጣትን ስልክ ለአፍታ አየችውና ሌላ ትራስ ላይ አስቀመጠችው። ጀርባዋን አልሰጠችም። ወደ ፍራሹ መጥታ በሌላው ወገን ተንበረከከች፤ እጇን ወደ ደሳለች አንገት ዘረጋች፤ አንድ ጣት ያህል ሲቀራት፣ የሆነ ጨርቅ የከለከላት ይመስል አየር ላይ አቆመችው።

«ጋሼ» አለች፣ «ሻሹን ልግለጠው? አንገቷን ማየት አለብኝ።»

ፈድሉ ጩኸቱን እንደያዘ ቀረ። ይሄን ድምፅ ያውቀዋል። በእሑድ ሳይሆን፣ ከዚያ በፊት፣ በዚያ የሕክምና ቤት፣ ከጭምብል ጀርባ፣ ቆቡን እስከ ቅንድቧ ካወረደች ልጅ አፍ ሲወጣ ያውቀዋል። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ በተዘጋ በር ገብቶ ጀርባው ላይ ተኛ።

«የምን ሻሽ?» አለ። «ሻሽ አልነበረም። ነርሷም እንዲህ አላለችም። አቁመው ጌቱ፣ ከመጀመሪያው እንጀምር።»

ጌቱ ሰምሀልን አያት። ሰምሀል አቁም አላለችም።

«ነበር» አሉ እማማ ዓሊማ።

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። መስበሃው ጣታቸው ላይ ቆሟል። ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ።

«አረንጓዴው ነበር» አሉ። «ከሱቅህ ነው ያመጣህላት። ጠያቂዎቹ ሲመጡ አንገቷን በፋሻ እንዳያዩባት ብለህ አንተው ነህ ያለበስካት። ሁለት ዙር። እሷም ደስ ብሏት ነበር።»

«እማ፣ እንዲህ አይደለም...»

«ይቺ ልጅ» አሉ ወደ ኪያ እየጠቆሙ፣ «መጥታ ልግለጠው አለች። ወንዶች አሉ፣ እንግዶቹ ሲወጡ አልካት። ደግማ መጣች። ብርድ ይመታታል አልኳት፣ እኔ።»

ፈድሉ የደሳለችን እጅ አልለቀቀም። ደሳለች እንደተኛች ናት፤ ዓይኗ ጣሪያው ላይ ነው፣ እንባዋ ወደ ጆሮዋ ይወርዳል።

«ጮኼ ነበር እኮ» አለ። ድምፁ ከፍራሹ ጫፍ አላለፈም። «ደረጃውን ወርጄ...»

«አልወረድክም ልጄ። አልጮኽክም። እጇን ይዘህ አዲስ ስለሚገባው ጨርቅ ለነጋዴዎቹ ታወራላቸው ነበር። እነሱ ይስቃሉ። እሷን ተኛች ብለን ነው፣ ሁላችንም።»

«አስተምራቸው ብላኛለች» አለ ፈድሉ። አሁን የሚናገረው ለማንም አልነበረም። «በጠራ ድምፅ ነው ያለችኝ።»

እማማ ዓሊማ መስበሃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ድምፅ አልነበራትም» አሉ። «ምንም አላለችም። እዚያ ክፍል ውስጥ የተናገረችው ይቺ ልጅ ብቻ ናት።»